መኪናው ለምን አልነሣ አለ? የሞተር አነሣሥ ችግርን በሥርዓት ስለ መመርመር

ይህ ጽሑፍ በጠዳ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ ነው። የቃሉ ንግግር ወደ ጽሑፍ ሲመለስ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። በመጨረሻም ከተሳታፊዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ ከነመልሳቸው ተካትተዋል።



ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ከአዘዞ መውጫ ላይ አንድ ሚኒባስ ሲገፋ አየሁ። ረዳቱና ሁለት ተሳፋሪዎች ከኋላ ሆነው ይገፋሉ፤ ሾፌሩ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በሦስተኛው ግፊት ሞተሩ አጉረመረመ፤ ተሳፋሪዎቹ እጃቸውን አራግፈው ገቡ፤ ጉዞው ቀጠለ። ከመካከላቸው የተደነቀ ሰው አልነበረም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ሲመሽ ቁልቁለት ፈልገው፣ የመኪናቸውን ፊት ወደ ታች አዙረው፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጉጠው የሚያሳድሩ አሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። ጠዋት ድንጋዩን ማንሣት ብቻ ነው፤ የቀረውን ቁልቁለቱ ይሠራዋል። ያ ድንጋይ ለእኔ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ የዚህ መኪና ባለቤት በሞተሪኖው ላይ የነበረውን እምነት አጥቷል።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ጠፋው እምነትና እንዴት እንደሚመለስ ነው። ብዙ ዝርዝር አነሣለሁ፤ ነገር ግን አንዲት ሐሳብ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ሳይለካ የሚለወጥ ዕቃ ግምት ነው፤ የግምትን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ገማቹ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ነው።

የራሴ ስሕተት

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ አሽከርካሪ መኪናቸው አልነሣ ብሏቸው ጠሩኝ። መኪናዋ በዚህ መንገድ ላይ ዘወትር የምናያት ባለ ናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይስ ናት። ቁልፉን ሲያዞሩት «ጧ» የምትል አንዲት ድምፅ ተሰማችና ጸጥ አለ። እኔም እንደ ዐዋቂ ሰው፣ «ጋሼ፣ እስቲ መብራቱን ያብሩልኝ» አልኋቸው። የፊት መብራቱ ደምቆ በራ። ቁልፉን ደግመው ሲያዞሩትም አልደበዘዘም። «እንግዲህ ባትሪው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው፤ ይለወጥ» ብዬ ፈረድሁ። ፍርዱ አምስት ደቂቃ እንኳ አልወሰደብኝም።

እሳቸውም ቃሌን አመኑ፤ መምህር ነኝና። ለጥማድ የደረሰ ወይፈን ሸጠው ያገለገለ ሞተሪኖ ገዙ። ዕቃው ተገጠመ፤ መኪናዋም ቁልፍ እንደ ነካት ተነሣች። እኔም ተመሰገንሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። «መምህር፣ ለውጥ ያሉኝን ለውጬ ነበር፤ ይኸው እንደ ድሮዋ ዝም አለች» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ምን እንደ ተሳሳትሁ በኋላ እመለስበታለሁ። ለአሁኑ ግን ይህን ልብ በሉልኝ፤ የተጠቀምሁበት ምልክት እውነተኛ ነበር፤ መብራቱ በእርግጥ አልደበዘዘም። ስሕተቱ ከእውነተኛ ምልክት ወደ መጨረሻው ፍርድ በአንድ እርምጃ መዝለሌ ነበር።

ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

አንድ ሚኒባስ ግማሽ ቀን ቢቆም የሾፌሩ፣ የረዳቱና የቤተሰቦቻቸው የዕለት ገቢ ይቆማል። ምጥ የያዛትን እናት ሊያደርስ በሌሊት የተጠራ መኪና ባይነሣ የሚጠፋው ከገንዘብ በላይ ነው። ለመለዋወጫ የሚወጣው ገንዘብም አብዛኛው ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የሚውል ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በይፋ ተነግሯል። አንዳንድ ተማሪዎች «እንግዲያስ ስለ ሞተሪኖ መማር ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ ሁለት ነው። በመንገድ ላይ ያለው ባለ ሞተር መኪና በውሳኔው ማግስት አይጠፋም፤ እንዲያውም ተተኪው ሲያንስ ያለውን በጥንቃቄ ማቆየት ይጠበቅብናል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ ባይኖረውም አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። ያ ባትሪ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ለጉዞ ላይዘጋጅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው የምርመራ ዘዴ ለነገም ያገለግላል።

ትንሹ ሞተር

«ሞተሪኖ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቮላኖውና ሌላውም የጋራዥ ቋንቋችን ብዙው ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ሲደርሱ በኤሌክትሪክ የሚነሣ መኪና ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት ለፊት በሚገባ የብረት እጀታ በሰው ክንድ ተዘውሮ ነበር። እጀታው ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪኖች ላይ ተገጠመ። የዚያ ዘመን ሰዎች ሞተሩን ለማዞር እጅግ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ያስፈልጋል ብለው ነበር። ኬተሪንግ ግን ቀደም ሲል በገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ላይ ሲሠራ ያየውን ነገር አስታወሰ፤ ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከዐቅሙ በላይ ሊሠራ ይችላል።

ይህ ታሪክ ዛሬም ሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ሞተሪኖ የአፍታ ጉልበተኛ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አይዞር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። ቁልፉን ይዘው «ትነሣለች፣ ትነሣለች» እያሉ ደቂቃ የሚያቆዩ ሰዎች ደህናውን ሞተሪኖ በገዛ እጃቸው ያቃጥሉታል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲዞር ትንሽ ፍሰት ወደ ሶሌኖይዱ ይሄዳል። ሶሌኖይዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ፒኞን የምትባለውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያገናኛታል፤ ወፍራሞቹን የመዳብ መገናኛዎችም ይዘጋል። ያን ጊዜ ከባትሪው ከፍተኛ ፍሰት ይነጉዳል። በትንሽ የቤንዚን መኪና ከ100 እስከ 200 አምፔር፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍሰት በወፍራሙ ገመድ ሄዶ፣ በሞተሪኖው አልፎ፣ በሞተሩ ብረትና ባለሙያዎች «ማሳ» በሚሉት የመመለሻ መስመር ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። በጠዳ ሜዳ ላይ ቆሜ ማሳ ስል የጤፍ ማሳ ያልሁ እንዳይመስላችሁ። የእርሻውን ማሳ ማንም አይረሳውም፤ የኤሌክትሪኩን ማሳ ግን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን።

የሐኪም ሥርዓት

ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ሲሠለጥኑባት የኖረች ከተማ ናት። እዚህ ጠዳም የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ጥሩ ሐኪም «ራሴን አመመኝ» ላለው ሰው ወዲያው መድኃኒት አያዝም። ራስ ምታት ምልክት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከዚያ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይዳስሳል፤ በመጨረሻም ይለካል። «መኪናዬ አልነሣም አለ» የሚለውም አቤቱታ እንደዚሁ ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «መቼ ነው የማይነሣው?» የሚል ይሁን። ጠዋት ብቻ? ወይስ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲግል? ዝናብ ሲዘንብ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? ከዚህ በፊት ምን ተለወጠ? መኪናውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና ሳያቋርጡ ማዳመጥ ይገባል።

ቀጥሎ አንድ ታላቅ ክፍፍል ይመጣል። ሞተሩ አይዞርም? ወይስ በደንብ ይዞራል፣ ግን እሳት አይዝም? የመጀመሪያው የባትሪ፣ የገመድ፣ የሞተሪኖ ወይም የተያዘ ሞተር ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የነዳጅ፣ የእሳት፣ የአየር ወይም የእመቃ ጉዳይ ነው። በደንብ በሚዞር ሞተር ላይ ሞተሪኖ መለወጥ የጥርስ ሕመምተኛን እግር እንደ ማሰር ያለ ሥራ ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

ሞተሩ በማይዞርበት ጊዜ የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ጆሮና ዐይን አብረው ይሥሩ።

ምንም ድምፅ ከሌለና መብራቱ እንዳለ ከሆነ ትእዛዙ ወደ ሶሌኖይዱ እንዳልደረሰ ጠርጥሩ። የቁልፉ መገናኛ፣ ፊውዙ ወይም ሪሌው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው መኪና ማርሹ «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው አይሠራም። ይህን ባለማየት ብቻ መኪና ያስጎተቱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ድምፁ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ በፍጥነት የሚደጋገም ከሆነና መብራቱ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ሶሌኖይዱ ይይዛል፤ ፍሰቱ ሲነጉድ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ሶሌኖይዱ ይለቃል፤ ቮልቴጁ ያገግማል፤ ደግሞ ይይዛል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ባትሪውን መሙላት ወይም በማሰሪያው ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት ማጽዳት ነው።

አንዲት «ጧ» ብቻ ተሰምታ መብራቱ ሳይደበዝዝ ከቀረ ነገሩ ይረቃል። የሶሌኖይዱ መገናኛ ተበልቶ፣ የሞተሪኖው ካርቦን አልቆ፣ ወይም ወፍራሙ መስመር አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ከነዚህ ውስጥ የመጨረሻውን ሳልመረምር ነበር የፈረድሁት። አንዲት «ጧ» ተሰምታ መብራቱ በአንድ ጊዜ ክፉኛ ከደበዘዘ ደግሞ ሞተሪኖው ራሱ ወይም ሞተሩ ተይዞ እንደሆነ ጠርጥሩ። ሞተሩ በቁልፍ ከፊት ሲዞር የሚዞር መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ። ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ያቆመውን ሞተር በኃይለኛ ሞተሪኖ ለማዞር መሞከር ቢየላ ማጣመም ነው።

ሞተሪኖው «ዊ» እያለ ብቻውን የሚሽከረከር ከሆነ ፒኞኗ አልገባችም ወይም አንድ አቅጣጫ የሚይዘው ክፍሏ አልቋል። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ የፒኞኗ ወይም የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል፤ ይህ ሲደጋገም ቮላኖውን ያስወጣልና መዘግየት የለበትም።

ሥራ ላይ እያለ መለካት

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደርሰናል። በጥር ወር የፋሲለደስን ባሕረ ጥምቀት ያየ ሰው ይህን ምሳሌ በቀላሉ ይረዳዋል። ጠባብ በር በተራ ቀን ጠባብነቱ አይታወቅም፤ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ሲወጣ ማንም ማንንም አይገፋም። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ሲመጣ ግን ያው በር መጨናነቂያ ይሆናል። በሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያልፈው ብዛት ነው።

የተበላሸ የገመድ መገናኛም እንዲሁ ነው። በዝገት ምክንያት 0.02 ኦም ተቃውሞ ያለበት መገናኛ አለ እንበል። በዚህ መገናኛ 0.4 አምፔር የምትወስድ ትንሽ የመፈተሻ አምፖል ብናበራ የሚጠፋው ቮልቴጅ 0.008 ብቻ ነው፤ አምፖሏ ደምቃ ትበራለች፤ እኛም «መስመሩ ደህና ነው» እንላለን። በዚያው መገናኛ የሞተሪኖው 150 አምፔር ሲያልፍ ግን 0.02 በ150 ሲባዛ 3 ቮልት ይጠፋል። ከ12 ቮልት ላይ 3 የተነጠቀ ሞተሪኖ አይዞርም ወይም እየተንፏቀቀ ይዞራል። ተራ መልቲሜትርም በኦም መለኪያው ይህን ትንሽ ተቃውሞ በትክክል ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ መስመሩን የምንለካው ሥራ ላይ እያለ ነው።

አለካኩ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ተራ መልቲሜትርና ቁልፉን የሚያዞር ረዳት ይበቃሉ። ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን፤ ሞተሩ እንዳይነሣ ነዳጁ ይቋረጥ። ከዚያ በተራ ይለካል።

አንደኛ፣ መኪናው ዐርፎ ሳለ የባትሪው ሁለት ጫፎች ይለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ሌላ ነገር ከመመርመር በፊት ባትሪው ይሞላ። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖው እየሠራ ይለካ፤ በመጠነኛ ሙቀት ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ሦስተኛ፣ ከባትሪው ፖዚቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም መግቢያ ያለው ልዩነት ሞተሪኖው እየሠራ ይለካ፤ ከ0.5 ቮልት ባይበልጥ መልካም ነው። አራተኛ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል ያለው ልዩነት ይለካ፤ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው፣ ሞተሩም በእጅ የሚዞር ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ካልሠራ ያን ጊዜ ፍርዱ ይሰጥ።

ወደዚያች ሃይስ ልመለስ። በሁለተኛው ጊዜ ስሄድ መልቲሜትር ይዤ ሄድሁ። ባትሪው ዐርፎ 12.5 ቮልት፣ ቁልፉ ሲዞር 11.4 አሳየ። በፖዚቲቩ መስመር የጠፋው 0.3 ነበር። በመመለሻው መስመር ግን 3.0 ቮልት ጠፍቷል። ለሞተሪኖው የደረሰው 8.1 ብቻ ነበር። ሞተሩን ከመኪናው አካል የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ልባሱ ሲገለጥ ግን መዳቡ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጧል። መብራቱ ያልደበዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነበር። መብራቱ የሚመለሰው በመኪናው አካል ነው፤ የታመመውን ገመድ አይነካውም። እኔ «ባትሪው ደህና ነው» ማለቴ ትክክል ነበር፤ «እንግዲህ ሞተሪኖው ነው» ማለቴ ግን በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ መዝለል ነበር።

ታዲያ ሞተሪኖው ሲለወጥ መኪናዋ ለምን ለሦስት ሳምንት ሠራች? የማሳው ገመድ አንደኛ ጫፍ የታሰረው ከሞተሪኖው ማሰሪያ ብሎን ጋር ነበር። ሞተሪኖው ሲፈታና ሲታሰር ገመዱም ተነቅንቆ፣ ጫፉ ተፍቆ፣ እንደገና ጠብቋል። ያዳናት አዲሱ ዕቃ ሳይሆን የብሎኑ መፈታትና መታሰር ነበር። ውድ ተማሪዎች፣ ይህን በማንኛውም የምርምር ሥራችሁ አስታውሱት፤ ከሕክምናው በኋላ መዳን፣ ምርመራው ትክክል እንደነበረ ብቻውን አያስረዳም። አሮጌውን ሞተሪኖ ጠረጴዛ ላይ አስረን ስንፈትነው በደንብ ዞረ። የገመዱ ዋጋ ከሞተሪኖው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ወይፈኑ ግን አልተመለሰም።

ከመተማ እስከ ደባርቅ

የአካባቢያችን መልክዓ ምድር ለመኪና ብርቱ ፈታኝ ነው። የመተማው መንገድ ከአዘዞ ይገነጠላል። መተማ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። አንድ የጭነት መኪና በአንድ ቀን ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ብርድ ሊገባ ይችላል።

ብርድ የባትሪውን ኬሚካላዊ ሥራ ያዘገያል፤ የሞተር ዘይቱንም ያወፍራል። ጉልበት በሚቀንስበት ሰዓት ሸክሙ ይጨምራል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነውና ብርዱ ይብስበታል። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባ ከመቶ ገደማ ስለሆነ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ራሱ አነስተኛ ነው። በዚህ ምክንያት ጎንደር ላይ «ደህና» የሚባል ባትሪ ደባርቅ አድሮ ጠዋት ይከዳል። ሾፌሩ «ብርዱ ገደለብኝ» ይላል። ብርዱ ግን ብዙ ጊዜ ገዳይ ሳይሆን መስካሪ ነው፤ አስቀድሞ የደከመውን ያጋልጣል።

በቆላ የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ ሞተሪኖው 60 ዲግሪ ቢግል የመዳቡ ተቃውሞ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጭማሪ ያሳያል። ቀዝቅዞ የሚነሣ፣ ሲግል ግን ዝም የሚል መኪና ያለ ምክንያት አያምፅም። ስለዚህ ምርመራው ችግሩ በሚታይበት ሁኔታ መደረግ አለበት፤ ጠዋት የሚታመመውን ጠዋት፣ ሲግል የሚታመመውን እንደጋለ።

ሞተሩ እየዞረ እሳት አልይዝ ሲል

ሞተሩ በደንብ ከዞረ ምርመራው መንገዱን ይለውጣል። በቤንዚን ሞተር የሚፈለጉት አየር፣ ነዳጅ፣ በቂ እመቃና በትክክለኛው ሰዓት የሚመጣ የካንዴላ እሳት ናቸው። ካንዴላው ሲወጣ በቤንዚን የረጠበ ከሆነ ነዳጅ ደርሷል፤ እሳቱን መርምሩ። ደረቅ ከሆነ ፖምፓውን፣ ፊልትሮውንና ፊውዙን መርምሩ። በቅርብ ዘመን መኪኖች ቁልፉን የማያውቅ የደኅንነት ሥርዓት ነዳጁን ወይም እሳቱን ሊያቋርጥ ስለሚችል በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የቁልፍ ምልክት አትናቁ።

በናፍጣ ሞተር ጭሱን ተመልከቱ። ሞተሩ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ ነገር ግን አልተቀጣጠለም፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ የመዞር ፍጥነቱንና እመቃውን መርምሩ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ የነዳጅ ማቋረጫው ሶሌኖይድ አልተከፈተም፣ ፊልትሮው ተዘግቷል ወይም መስመሩ አየር ስቧል። በጀሪካን ተይዞ የቆየ ናፍጣ ውሃና ዝቃጭ ሊኖረው ስለሚችል ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ መክፈት የመጀመሪያው እርምጃ ይሁን።

ስለ ጥንቃቄ ሁለት ነገር

ሶሌኖይዱን በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሣት በየመንገዱ የሚታይ ድርጊት ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ ይነሣና ከፊቱ ወይም ከሥሩ ያለውን ሰው ይደፈጥጣል። ይህን ዘዴ ለማንም አላስተምርም።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስትወስዱ አስቀድማችሁ ፖዚቲቩን ከፖዚቲቭ አገናኙ። የመጨረሻውን የኔጌቲቭ ጫፍ ግን ከደከመው ባትሪ ራቅ ብሎ ባለ የሞተር ብረት ላይ እሰሩ። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአንዲት ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል።

መዝጊያ

ገፍቶ ማስነሣት ነውር አይደለም፤ በችግር ሰዓት ያደርሳል። ነውሩ መግፋቱ ልማድ ሆኖ መጠየቅ ሲቀር ነው። እናንተ ወደ ሥራ ስትወጡ ሰዎች ቃላችሁን ያምናሉ፤ በቃላችሁም ንብረታቸውን ይሸጣሉ። ስለዚህ «ይለወጥ» ከማለታችሁ በፊት «ለክቻለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የለካችሁትንም ለባለቤቱ አሳዩት፤ ቁጥሩን ያየ ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ይወስናል።



ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሞተሪኖውን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት የሚነሣው ለምንድን ነው? ይህስ መፍትሔ ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ አልቆ ከሚነካው ክፍል ስለ ራቀ ነው፤ ምቱ ለአፍታ ያነካካዋል። የተበላ የሶሌኖይድ መገናኛም እንዲሁ ሊነቃ ይችላል። እንደ ፍንጭ ጠቃሚ ነው፤ ሞተሪኖው ተከፍቶ መታየት እንዳለበት ይነግረናል። እንደ መፍትሔ ግን አይሆንም። በውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ያላቸው ሞተሪኖዎች ሲመቱ ማግኔቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደግሞም ተከፍቶ ካርቦን ብቻ የሚለወጥለት ሞተሪኖ ሙሉ በሙሉ መጣል የለበትም።

ጥያቄ፦ እኔ አሽከርካሪ ነኝ፤ መለኪያ የለኝም። በሌሊት ሜዳ ላይ ዝም ብትለኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መብራቱን አብርተህ ቁልፉን አዙርና ተመልከት። ከደበዘዘ የባትሪውን ማሰሪያዎች በእጅህ ነቅንቅ፤ የላላውን አጥብቅ። ካልደበዘዘና «ጧ» ብቻ ካለች ባትሪ መዋዋሻ ገመድ ካለህ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር እሰር፤ ከሚሽከረከር ነገርም አርቀው። ከዚያ ቁልፉን አዙር። ከተነሣች የታመመው የማሳው መስመር ነው። ጠዋት ጋራዥ ስትገባ «ሞተሪኖ ለውጡልኝ» አትበል፤ «ማሳውን ለኩልኝ» በል።